ከኮምፔንሳቶው ማዶ ያለው ዋሽንት

ጎረቤቴ ጦርነት እያሰበብኝ መሆኑን የጠረጠርኩት ዋሽንት ስላበዛ ነው። ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ያለማቋረጥ ሰላማዊ ከሆነ አንድ ነገር አለ። ሚስቴም ይህን ታውቃለች። ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ጨዋ ሆኜ ከሰነበትኩ በአራተኛው ቀን «ምን ሰብረህ ነው?» ትለኛለች።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ጁባ ውስጥ መንገድ የሚሠራ አንድ ድርጅት አለ፤ እዚያ የመለዋወጫ ስቶር ኃላፊ ነኝ። ኃላፊዎቹ ሁለት ነን፣ እኔና ከኔ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚያንስ አንድ ያገሬ ልጅ። ከቡልዶዘር ጥርስ እስከ ዘይት ማጣሪያ ሁሉም ነገር በኛ እጅ ነው። የምንኖረውም ካምፑ ውስጥ፣ ለሁለት በተከፈለ አንድ ኮንቴነር ቤት ነው። መሐላችን ያለችው ኮምፔንሳቶ ከመሳሳቷ የተነሣ፣ እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» ማለት ብቻ ሳይሆን ፊቴንም እጠርግ ነበር።

ያን ሰሞን ሁለታችንም የአንድ ሳምንት ፈቃድ ፈለግን። ችግሩ የፈለግነው ያንኑ ሳምንት መሆኑ ነው። የኔ ምክንያት ትልቋ ልጄ ናት። ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ ወገኖች «እሑድ ሽማግሌ እንልካለን» ብለው አስነግረዋል፤ አባት ቤቱ ተቀምጦ ካልተቀበለ ምን አባት ነው? የሱም ምክንያት ልጁ ናት። እሱ እዚህ ሳለ ተወልዳ፣ በዚያው እሑድ ሰማንያ ቀኗ ይሞላና ክርስትና ትነሣለች። በስልክ ካልሆነ በቀር አይቷት አያውቅም።

ሥራ አስኪያጃችን ቆፍጣና ሴት ናት። «ስቶሩ ያለ ኃላፊ አይውልም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትሄዳላችሁ። ማን እንደሆነ እስከሚመጣው ሐሙስ ተስማምታችሁ ንገሩኝ፤ እኔን ዳኛ እንዳታደርጉኝ» አለችን።

ሌላ ሰው ቢሆን ዕጣ ይጥል ነበር። እኛ ግን ያልተስማማንበትን ነገር ሁሉ የምንጨርሰው በኮምፒውተር ጌም ነው። የጥንት ነገሥታትን ይዘህ ከተማ የምትቆረቁርባት፣ እርሻ አርሰህ፣ ግንብ ገንብተህ፣ ከድንጋይ መጥረቢያ ተነሥተህ እስከ መድፍ የምትደርስባት፣ በመጨረሻም የሌላውን ዋና ከተማ የምትይዝባት ጌም ናት። ፍሪጁ በማን ክፍል ይቀመጥ የሚለውን የወሰንነው በሷ ነው፤ በዚያ የፍሪጅ ጦርነት አርባ ሺህ ሰው አልቋል። ኮምፔንሳቶዋን ከታች በስተን ኬብል አሳልፈናል። እሱ በዴስክቶፑ፣ እኔ በላፕቶፔ፣ ከሥራ መልስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየተቀመጥን በየተራ እንጫወታለን። አሁንም «እስከ ረቡዕ የሌላውን ዋና ከተማ የያዘ አገሩ ይሂድ» ተባብለን ጀመርን።

የእንዲህ ዓይነት ጌም ማጀቢያ ሙዚቃ የሚሠራው እንዳትሰማው ተብሎ ነው። እኔ ስንት ዓመት ስጫወት አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንደ ውኃ ፓምፕ ድምፅ ነው፤ መኖሩን የምታውቀው ሲቆም ነው። ልብ ብለህ ካዳመጥከው ግን ወሬኛ ነው፤ የባለቤቱን ገመና ሁሉ ይዘከዝካል። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ዜማ አለው። ሰላም ሲሆን ዜማው ቀስ ይላል። ከተማህ ዘመን ስትሻገር መሣሪያ ይጨመርበታል። የጠላት ጦር ድንበርህ ላይ ከታየ ደግሞ ከበሮ ይገባል። አንዳንዴ ጦሩን አንተ ራስህ ሳታየው ከበሮው ይቀድማል፤ አቀናባሪው አዝኖልህ በጆሮህ ሹክ እንደማለት ነው።

ጎረቤቴ ቀድሞኝ የኛን ያገራችንን ጥንታዊ መንግሥት መረጠ። ለኔ የተረፉኝ ከሩቅ ሜዳ የመጡ ፈረሰኞች ነበሩ። የነሱ ዜማ አንድ ሰው ከጉሮሮው ሥር ሆኖ የሚያጉረመርመው ነው፤ ውሻ ሕልም ሲያይ እንደሚያሰማው ያለ። የሱ ግን ዋሽንት ነበር። ዋሽንት ልበለው እንጂ፣ እሱም ላይ ጥርጣሬ አለኝ። አቀናባሪው አገራችንን ያያት ከአውሮፕላን መስኮት፣ ያውም በደመና ቀን ይመስለኛል። ቅኝቱ አምባሰል ሊሆን ይጀምርና መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ዓባይን ተከትሎ ይወርዳል፤ ካርቱም ሲደርስ ደክሞት ይመለሳል። ከሥሩ ያለው ክራርም ክራር መምታትን በደብዳቤ በተማረ ሰው የተመታ ነው። ይህን ለጎረቤቴ ብነግረው፣ «ቢሆንም ደስ ይላል ጋሼ» አለኝ።

በጀመርን በማግስቱ ተራዬን እየጠበቅኩ ሳለ፣ ከማዶ በዋሽንቱ ላይ መለከት ሲጨመር ሰማሁ። መለከት ተጨመረ ማለት ከተማው ሁለተኛውን ዘመን ተሻግራለች ማለት ነው። ስክሪኔ ይህን አልነገረኝም፤ የነገረኝ ግድግዳው ነው። እንዲህ ሆኜ ማንም ሳይቀጥረኝ ሰላይ ሆንኩ። የራሴን ድምፅ አጠፋሁ፤ ወንበሬን ወደ ኮምፔንሳቶዋ አስጠጋሁ፤ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ማጋነን አይሁንብኝና፣ በቅዳሜ ከሰዓት ዜማውን ሰምቼ በረቱ ውስጥ ስንት በግ እንዳለውና ስንቶቹ ነፍሰ ጡር እንደሆኑ መናገር እችል ነበር።

የካምፓችን ወጥ ሠሪ ጋምቤላ አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከኔ አማርኛ ይጠራል። ሻይ ይዛ ስትገባ ብርጭቆ በግድግዳው ላይ ደፍቼ፣ ጆሮዬን ብርጭቆው ላይ አድርጌ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ ግድግዳውን አመመው እንዴ?»

«ጆሮዬን ነው ያመመኝ። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ያበርድልኛል።»

«ጁባ ውስጥ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ካገኙ ለኔም ይንገሩኝ» አለችና ሻዩን አስቀምጣ ሄደች።

ጥርጣሬዬ የከረረው ከዚያ በኋላ ነው። ሆን ብዬ ሃያ ፈረሰኛ ድንበሩ ላይ አቆምኩ። በሕጉ መሠረት ከማዶ ከበሮ መምጣት አለበት። የመጣው ግን ዋሽንት ነው። ፈረሰኞቹን ሠላሳ አደረግኳቸው፤ ዋሽንት። ስልሳ አደረግኳቸው፤ አሁንም ዋሽንት፣ ያውም ከበፊቱ የለሰለሰ። እሑድም ሰኞም እንደዚያው። ስልሳ ፈረስ ደጁ ላይ ቆሞ ሣር እየጋጠ ሰውየው ዋሽንት ይሰማል።

ሰኞ ምሳ ላይ ቀረብ ብዬ ነካካሁት።

«ጨዋታው እንዴት ይዞሃል?»

«አለሁ ጋሼ። አርሳለሁ።»

«ዝም ብለህ ታርሳለህ?»

«ገበሬ ነኝ፤ ሌላ ምን ልሥራ?»

«ፈረሶቼ አላስቸገሩህም?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ሣሩ ሞልቷል» አለና ወደ ስልኩ አጎነበሰ።

በጁባ ዐረብኛ «ችግር የለም» ማለቱ ነው። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄጄ ስፒከር፣ ባትሪ፣ የእጅ ሰዓት ገዝቻለሁ፤ «ማፊ ሙሽኪላ» ብሎ የሸጠልኝ ሰው ዕቃ ደኅና ሆኖ አያውቅም። ያን ቃል ስሰማ ጎረቤቴ ከተራራው ጀርባ ዝሆን እያሠለጠነ መሆኑን ደመደምኩ። ስንት ዝሆን የሚለው ብቻ ነው የቀረኝ። በመጀመሪያ አሥር ገመትኩ፤ ሥራ ላይ ሳስበው ውዬ ስመለስ ሁለት መቶ ደርሰዋል።

ማክሰኞ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሊሞላበት ጠፋ። የጎረቤቴ ዴስክቶፕ ባትሪ የሚባል ነገር የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የኔ ላፕቶፕ ላይ «ተጋጣሚዎ ወጥቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ፋኑ ቆመ፤ ካምፑ ጸጥ አለ። ዋሽንቱ ግን አልቆመም።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ኮምፒውተሩ ሞቷል፣ ሙዚቃው በሕይወት አለ። እንግዲያው ሙዚቃው ድሮም ከኮምፒውተሩ አልነበረም የሚመጣው። ሰውየው የሰላሙን ዜማ ብቻ ቀድቶ በስልኩ እያጫወተልኝ ነው። እውነተኛውን ከበሮ በኤርፎን ለራሱ ይሰማል፣ ለኔ ለጅሉ ሰላም ይነፋልኛል። በንዴት በሩን ላንኳኳ ወጣሁና ደፉ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ለምን የውሸት ዋሽንት ታሰማኛለህ?» ልለው ነው። «አንተ ምን ሆነህ ሰማኸው?» ቢለኝስ? የሱን ተንኮል ለማጋለጥ መጀመሪያ የራሴን ማጋለጥ አለብኝ። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሌባ ሌባን ለመክሰስ ፍርድ ቤት ቢሄድ ሁለቱም የሚመለሱት በካቴና ነው።

ያለኝ ምርጫ መቅደም ብቻ ነበር። ረቡዕ ተራዬ እንደደረሰኝ ስልሳውን ፈረሰኛ፣ ከኋላም ያሉትን ሁሉ፣ እረኛ ሳይቀር አስታጥቄ ድንበሩን ጣስኩ። ዝሆኖቹን እየጠበቅኩ ገሰገስኩ። ዝሆን የለም። ወጥመድ ነው ብዬ ቀስ አልኩ። ወጥመድም የለም። ዋና ከተማው ደጃፍ ስደርስ አሥር ቀስተኛና ብዙ ገበሬ አገኘሁ። ሰውየው እውነትም ያርስ ነበር። በሦስት ተራ ከተማዋ ገባችልኝ። ላፕቶፔ የድል መለከቱንና መዘምራኑን ለቀቀ፤ ለአሥር ቀስተኛ ይህን ያህል መዘምራን ምን ይሠራል ብዬ አፍሬ ድምፁን ቀነስኩት።

ጎረቤቴ ክፍሌ በር ላይ መጣና እጄን ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ። ለልጅህም መልካም ጋብቻ ያድርግላት።»

«ዝሆኖቹስ?»

«የምን ዝሆን?»

ፊቱን አየሁት። የተሸነፈ ሰው ፊት አውቃለሁ፤ ይሄ ግን ሌላ ነበር። አውቶቡሱ ጥሎት ሲሄድ እጁን አንሥቶ የተሰናበተ ሰው ይመስል ነበር።

እራት ልወስድ ወጥ ቤት ስሄድ ሴትየዋ ሳህኔን ሳትሞላ ያዝ አድርጋ አየችኝ።

«አሸነፉ አሉ።»

«አሸነፍኩ።»

«እንግዲህ ልጅቷ ክርስትናዋን ያለ አባቷ ትነሣለች። አሁን ዋሽንቱን በምን ልብ ያሰማታል?»

«የምን ዋሽንት?»

ነገረችኝ። ሕፃኗ ሁልጊዜ በጨዋታችን ሰዓት ታለቅሳለች፤ እናቷ ትደውላለች። አንድ ቀን እየተጫወተ ሳለ ስትደውል ልጅቷ የጌሙን ሙዚቃ ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ የሰላሙን ዜማ በአንዱ ስልኩ ቀድቶ፣ በሌላው እየደወለ፣ እስክትተኛ ያጫውትላታል። የኮምፒውተሩ ከበሮ እንዳይቀሰቅሳት ድምፁን አጥፍቶታል። ጌሙን ደግሞ ተራው ሲደርስ ሳያይ አንዲት ነገር ተጭኖ ያሳልፋል።

«ይህን ታውቂ ነበር?»

«ካምፑ በሙሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ። የጠየቁት ግድግዳውን ነው» አለችና ሳህኔን ሞላችልኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ያኔም አላመንኩም። አዝኜ ፈቃዱን እንድለቅለት የተጠነሰሰ ቢሆንስ? ሳህኔን እንደያዝኩ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፤ በቪዲዮ እያወራ ነበር። ሲያየኝ ስልኩን አዞረልኝ። አንዲት ጭብጥ የምታህል ፊት፣ እንደ እምቡጥ የተጨበጠ ጣት። ተኝታለች። ትንሽ ቆሜ አየኋት። ሕፃን እንቅልፍ ማስመሰል ይችላል ወይ ብዬ አሰብኩ፤ በሰባ ስድስት ቀኗ የምትችል አልመሰለኝም።

«ጦሬ ሲመጣብህ አላየህም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«አየሁት ጋሼ። ግን ዓይኗ ሊከደን ትንሽ ነበር የቀረው። ከተማ ሌላ ጊዜም ይሠራል።» ቀጥሎ፣ «ዋሽንቱ አስቸግሮህ እንደሆነ ይቅርታ፤ ከግድግዳው ሥር ሆነህ ስታስል እሰማሃለሁ» አለኝ።

ወጡ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

እዚህ ላይ ለሱም፣ ለሥራ አስኪያጇም ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ሽማግሌ በመጣበት ቀን ልጅ አይሰጥም። «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይባላል። ያውም አባት ከሌለ ሰበቡ የተመቸ ነው፤ ቀጠሮ ሰጥቶ መመለስ ክብርም አለው። ክርስትና ግን ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ማለት ሰማንያ ቀን ነው፤ ቄሱን «እንመካከርበት» አይሉትም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ። አውቄም ዝም ብዬ ለጨዋታ ተቀመጥኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ልጄን የሚወስዱብኝን ሰዎች ፊት ለፊት ማየት ፈልጌ ነበር። እኔ በሌለሁበት ሚስቴ ደስ ብሏት እሺ እንዳትላቸውም ፈርቻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባሁ።

«እሱ ይሂድ።»

«ማን አሸነፈ?»

«እኔ።»

ከመነጽሯ በላይ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ስቶሩ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ፈቃዱ ላይ ከመፈረሟ በፊት ግን ሰው ልካ ዘይት ማጣሪያዎቹን አስቆጠረች።

ሚስቴ ዘንድ ደወልኩ። «ሽማግሌ ደጅ ሲመጣ አባት ጁባ ነው ልበላቸው?» አለች። «ጁባ ነው፣ ሲመጣ ይነግራችኋል በያቸው» አልኳት። ልጄ ስልኩን ተቀበለቻት።

«አባዬ፣ አልወደድከውም አይደል?»

«አላየሁትም እኮ።»

«ላለማየት ነው የቀረኸው። ፈቃዱ ደርሶህ እንደነበር ለእማዬ ስትነግራት ሰምቻለሁ፤ አንተ ነህ የለቀቅከው።»

የጎረቤቴን ልጅ ነገር አስረዳኋት። ሰማችኝና፣ «እሺ አባዬ» አለች። ይህ የሷ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ ሃያ አራት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ አላመነችኝም ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ እሑድ መጡ። ሚስቴ እንደነገረችኝ ቀጠሮውን በደኅና ተቀበሉ፤ ሦስት ሳምንት ተባባሉ። ሊወጡ ሲሉ ግን ትልቁ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጁባ ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ሁለት ዓመት ተኩል።» «ብቻውን?» ሌሎቹ ጫማቸውን አዩ። ሚስቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ላይ የሽማግሌው ጥያቄ ትንሽ ተጋብቶባት ነበር። ልጄማ ከሦስት ቀን በኋላ በጽሑፍ ላከችልኝ፦ የልጁ ቤተሰብ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የቀለበቱን ወሬ አቁመዋል። አንድ ሳምንት በመቅረቴ የልጄ ትዳር ተንጠለጠለ።

በዚያው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው በቦዳቦዳ ሞተር ካምፓችን በር ላይ ወረደ። ሀይ ጀላባ ሰፈር ሱቅ ያለው ያገራችን ነጋዴ ነኝ አለ። «የአገር ሰው ነህ ሲሉኝ ሰላም ልበልህ ብዬ ነው።» ሁለት ዓመት ተኩል ሰላም ያላለኝ ሰው ዛሬ ምን ትዝ አለው? የልጁ ወገኖች ዘመድ መሆኑን ገና ሳይቀመጥ አወቅኩ። ክፍሌ ገብቶ ዓይኑን አሠማራ። ጫማዎቹን ቆጠረ። ፍሪጁን «ውኃ ይኖርሃል?» ብሎ ራሱ ከፈተ። ከዚያ በኮምፔንሳቶዋ ሥር ያለችውን ቀዳዳ አየ።

«ከዚህ ማዶ ማን አለ?»

«ጎረቤቴ። አገር ቤት ነው።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«አባት ነው» አልኩት። «ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ ሄዷል።»

«ቀዳዳዋስ?»

ቀዳዳዋን ለማስረዳት ጌሙን መክፈት ግድ ሆነ። ጌሙን ከከፈትኩ ደግሞ ፈረሰኞቹን ማሳየት ነበረብኝ። ፈረሰኞቹን ካሳየሁት የፍሪጁን ጦርነት ካልነገርኩት አይገባውም። በመጀመሪያው ሰዓት የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በጥንቃቄ ይጠይቀኝ ነበር። በሁለተኛው ሰዓት መጠየቁን አቆመ። በሦስተኛው ሰዓት ወደ ከሰል ዘመን ልናልፍ ስንል «ሱቄን ዘግቼ አልመጣሁም» ብሎ ተነሣ። በር ላይ ወጥ ሠሪዋን ለብቻዋ ሲያነጋግራት አየሁ።

«ምን አለሽ?» አልኳት ሲሄድ።

«እሳቸው ጋ ሴት ትመጣለች ወይ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ማን ይታገሣል አልኩት።»

በቀጠሮው እሑድ ጎረቤቴ ተመልሶ ስቶሩን ይዞልኝ እኔ አዲስ አበባ ቤቴ ሳሎን ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌዎቹ አራት ሆነው ገቡ። ተነሥቼ ተቀበልኳቸው፤ እንደ ወጉ ቆመው ሊናገሩ ቢሉ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ባለፈው አባት ባለመኖሩ ትንሽ አስበን ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ዘመዳችሁ መጥቶ ነበር። ምን አላችሁ?»

ሽማግሌው ሳቁን ዋጠው። «ሰውየው ሌላ ሚስት የለውም፤ የሚያገባበትም ጊዜ የለውም አለን።»

ጎኑ ያለው ቀበል አድርጎ፣ «በዚህ ሰው ቤት ያደገች ልጅ ትዕግሥት ታውቃለች ብለንም ተማከርን» አለ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ልጄ በጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። እንደገና ቀጠሮ መስጠት እችል ነበር፤ ወጉም ይፈቅድልኛል፣ አራቱም ሽማግሌዎች የሚጠብቁት ይህን ነው። በዓይኗ አየችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቪዲዮ ያየችኝ በዚያው ዓይን ነው።

«ሰጥተናል» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በጣም ፈጥኖ የተሰጣቸው ነገር ስለሆነ አንድ የተደበቀ ነገር ያለበት ሳይመስላቸው አልቀረም።